መስኮቱን ዝጊው

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ጭቅጭቃም ነኝ። ኩራተኛም ናት ይሉኛል። ውሸት ግን አላውቅም።

ስለዚህ "ፈጠራ ናት" የምትሉ ካላችሁ ከወዲሁ እለፉት፤ አልቀየማችሁም። ያየሁትን ነው የምጽፈው።

የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ የአረፋ ዕለት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት አካባቢ።

አዎ፣ በቀን ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር...

ቦታው መርካቶ ነው። ከሶማሌ ተራ ጀርባ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት። ምድር ቤቱ የጋሼ ኑሪ የብርድ ልብስ መጋዘን ነው። ከመጋዘኑ ጎን ባለችው ክፍል የቤቱ ባለቤት እትዬ ካሚላ ይኖራሉ። ፎቁ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጠሂራ፣ መጋረጃ ሰፊዋ።

ክፍሌ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ የእንጨት ምድጃ አለው። ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ሄዶ በጣሪያው በኩል ይወጣል። ድሮ ቤቱን ያሠራው ነጋዴ ብርድ የማይችል ሰው ነበር መሰለኝ።

ስከራየው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጓደኞቼ "ፈረንጅ ሆንሽ እኮ" እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

እትዬ ካሚላ ግን ቁልፉን ሲሰጡኝ ፊታቸው አልተፈታም።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "ቀለም የነካው የሳጥን እንጨት እንዳትከቺበት። እርጥብም እንዳትከቺ። ከመለኮስሽ በፊት ወረቀት አቀጣጥለሽ አፉ ላይ ያዢና እዪ። ጭሱ ሽቅብ ከተሳበ አንድጂ። ወደ አንቺ ከመጣ ተዪው። አመዱን ደግሞ በቆርቆሮ ባልዲ አድርገሽ ውጪ አውጪው። በፌስታል ብለሽ ቤቴን እንዳታነጂብኝ።"

"እሺ እትዬ።"

"መስኮቱን ሁሌ ገርበብ አድርጊው። እሳቱ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢያልቅም ገርበብ አድርጊው።"

"ብርዱስ?"

"ብርድ አይገድልም።"

ይህን ብለው ምድጃውን አንዴ አዩት... ቶሎ ደግሞ ዓይናቸውን አነሱ።

አንድ ልማድም ነበራቸው። እሳት ባነደድኩ ቁጥር የእንጨቱን ደረጃ እያንቋቁ ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እያለከለኩ ነው የሚወጡት። በሬን ያንኳኩና "ጠሂራዬ፣ ነቅተሻል?" ይላሉ።

"ነቅቻለሁ" እላለሁ።

ተመልሰው ይወርዳሉ። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ካልመለስኩ ግን በሩን ሊሰብሩት ይደርሳሉ። አንድ ቀን ሻወር ቤት ሆኜ ሳልሰማቸው ቀርቼ የሰፈሩን ዘበኛ አሸብርን መዶሻ አስይዘው አምጥተውት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ታናድደኝ ነበር ይቺ ልማድ። ኋላ ለመድኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? ወደድኳት። እናቴ ደሴ ላይ ከሞተች ወዲህ ነቅተሽ ነው ተኝተሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ባሌም ትቶኝ ከሄደ ቆይቷል። እሱ ድሮም አይጠይቅም።

አረፋ ደረሰ።

መርካቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አረፋ ሲመጣ የስልጤና የጉራጌ ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። ያ ሁሉ ተሸካሚ፣ ያ ሁሉ "ዞር በል! ዞር በይ!" ድንገት እልም ይላል። ቆርቆሮ በር ብቻ ይቀራል።

እትዬ ካሚላም ወራቤ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ጋሼ ኑሪ ናቸው በመኪናቸው የሚወስዷቸው።

"ጠሂራ፣ አብረን እንሂድ እንጂ?" አሉኝ።

"አይ እትዬ፣ ሥራ አለብኝ" አልኩ።

ምንም ሥራ አልነበረኝም። (ይቺ ውሸት አትቆጠርም። ይሉኝታ ናት።)

እኛ ዘንድ አንዴ ሲጠሩት እሺ የሚል ሰው አለ እንዴ? ሁለቴ ሦስቴ ተለምኖ ነው። እኔም "በአላህ ይሁንብሽ ነይ" እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነበር። ልብሴን ሁሉ አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጫለሁ።

ጋሼ ኑሪ ግን ከውጪ ክላክሱን ለቀቁት። እትዬ ካሚላ ተደናገጡ።

"እንግዲያስ ቤቱን አደራ" ብለው ሄዱ።

በቃ። ሄዱ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትልቅ ሴትዮ ሆኜ እንደ ሕፃን! ኩራቴን ረገምኩት።

የአረፋ ዕለት ጠዋት ሰላቴን ሰግጄ ተመለስኩ። ለብቻዬ ሥጋ ጠብሼ ለብቻዬ በላሁ። ሰፈሩ ጭር ከማለቱ የተነሳ የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ድረስ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መብራትም ሄደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

እንጨት ነበረኝ፤ ደረቅ ባህር ዛፍ። ወረቀት አቀጣጥዬ የምድጃው አፍ ላይ ያዝኩ። ጭሱ ሽቅብ ተሳበ። መስኮቱን ገርበብ አደረግኩ። ሁሉንም በደንቡ ነው ያደረግኩት፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

አነደድኩ።

ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ ሰማዩ ተቀዶ ነው። ጣሪያው ላይ ግን የቆርቆሮ ድምፅ የለም... ዱብ ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ነው። ገረመኝ፣ ግን አልተመራመርኩም።

እሳቱ ፍም ሆነ። ጭስ የለም። ክፍሉ ሞቀ። ግንባሬን ትንሽ ወጋ አደረገኝ። ረሃብ ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ጊዜ ነው...

ኳ... ኳ... ኳ።

"ጠሂራዬ... ነቅተሻል?"

እትዬ ካሚላ!

ልቤ በደስታ ዘለለ። አሳዝኛቸው ተመለሱ ማለት ነው! ለእኔ ብለው ተመለሱ!

"ነቅቻለሁ እትዬ! ተመለሱ እንዴ?"

"ተመለስኩ..."

"ቆይ በሩን ልክፈት።"

"አትክፈቺ... ብርድ ይገባል።"

ቆም አልኩ። ድምፃቸው የእሳቸው ነው። ግን አላለከለኩም። ደረጃውም አልተንቋቋም። ያ ደረጃ ድመት ስትወጣበት እንኳ የሚጮህ ደረጃ ነው...

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?"

"መስኮቱን ዝጊው ልጄ... ብርድ ነው።"

እትዬ ካሚላ? መስኮት ዝጊ?

አሁን ስታነቡት "አንቺ ጅል፣ አይገባሽም?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ሰው ናፍቆት የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ያልሰማ ጆሮ የመጣለትን ድምፅ አይመረምርም። ደግሞ ጭንቅላቴ እንደ እርሳስ ከብዶኛል።

ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት። መቀርቀሪያውንም ቀረቀርኩ።

"ጎሽ..." አለኝ ድምፁ ከበሩ ኋላ።

አልጋዬ ላይ ተመልሼ ጋደም አልኩ። ዓይኔ ይከደናል። ደስ የሚል እንቅልፍ ነው የመጣው... ሰው አጠገቤ እንዳለ ዓይነት።

ስልኬ ጮኸ።

ዓይኔን በግድ ገልጬ አየሁት። "እትዬ ካሚላ" ይላል።

ሳቄ መጣ። በር ላይ ቆመው ይደውላሉ እንዴ?

"ሄሎ..."

"ጠሂራዬ! ዒድ ሙባረክ!"

ከጀርባቸው የልጆች ጫጫታ አለ። ሥጋ የሚከትፍ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ዒድ ሙባረክ እትዬ... ምነው በር ላይ ሆነው ይደውላሉ?"

"የምን በር?"

"የእኔ በር። አሁን መስኮቱን ዝጊ አሉኝ እኮ..."

"ማን ነው ዝጊ ያለሽ?"

"እርስዎ..."

የክተፋው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

"ጠሂራ... እኔ ወራቤ ነኝ።"

ክው አልኩ።

ኳ... ኳ... ኳ።

"ጠሂራዬ... ነቅተሻል?"

ያው ድምፅ ነው። በአንድ ጆሮዬ ስልኩ፣ በሌላው በሩ። እትዬ ካሚላም በስልኩ ውስጥ ሰሙት። ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል ሰማሁ።

"እንዳትመልሺላት" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ለማን?"

"ለእሷ። እሳት አንድደሻል?"

"አዎ..."

"ያ አላህ! ቢስሚላህ በይና መስኮቱን ክፈቺ። አሁን! ተነሺ!"

ተነሳሁ ብዬ ነበር። ወለሉ ላይ ተገኘሁ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ልቤ ይደልቃል። ያኔ ገባኝ፤ ፍሙ አፍኖኛል። ልሞት ነው። በአረፋ ቀን፣ ባዶ ቤት ውስጥ... ሰዎቹ ከአገር እስኪመለሱም ማንም አያገኘኝም።

በሩ በእጄ ርቀት ላይ ነው። መስኮቱ ማዶ ነው። በሩን ልክፈት ብል ከኋላው ማን እንዳለ...

"አትክፈቺው" አለች።

አሁን የእትዬ ካሚላ ድምፅ አይደለም። የወጣት ሴት ድምፅ ነው። የደከማት፣ ከእንቅልፏ የተቀሰቀሰች የምትመስል።

"እኔም በርዶኛል... ማንም የለም... አብረን እንሙቅ።"

የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ? ሆዴ ራራላት። ወላሂ! ከፍርሃቴ ይልቅ ሆድ ባሰኝ። "እሺ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለሁለት መሆኑ ከብቻነቱ የተሻለ መሰለኝ።

ስልኩ ወለሉ ላይ ወድቆ ይጮሃል።

"ጠሂራ! ነቅተሻል? ጠሂራ! ልጄ! ነቅተሻል ወይ?!"

እያለቀሱ ነው። ለእኔ ነው የሚያለቅሱት።

"ነቅቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ለስልኩ።

በሆዴ ተሳብኩ። መስኮቱ ጋ ደረስኩ። መቀርቀሪያውን ፈታሁት፣ ገፋሁት፣ ንቅንቅ አልል አለ። ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦታል። ከጎኔ የከሰል ካውያዬ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ መጋረጃ የምተኩስበት፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ብረት ነው። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።

መስታወቱ ረገፈ።

ብርዱ ገባ። ዝናቡ ፊቴን መታኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ብርድ በሕይወቴ አላየሁም።

"ማነው እሱ?!" አለ ከታች አሸብር፣ ዘበኛው። ወዲያው ደረጃው ሲንቋቋ ሰማሁ። የሰው ኮቴ፣ የሰው ማለክለክ። በሩን ገንጥሎ ገባና ተሸክሞ አወጣኝ።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጡኝ። "ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አንመልስሽም ነበር" አለችኝ ነርሷ።

አሸብር አጠገቤ ቁጭ ብሏል። ቀልደኛ ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

"ጠሂራ፣ እንግዳ ነበረሽ እንዴ?"

"ለምን?"

"በሩ ላይ በርጩማ ተቀምጦ አየሁ። ወደ በርሽ ዞሮ። የእትዬ ካሚላ በርጩማ ናት፣ እሳቸው ክፍል ውስጥ ያለችው።"

"እና?"

"ክፍላቸውን አየሁት። እንደተቆለፈ ነው።"

እትዬ ካሚላና ጋሼ ኑሪ በዓሉን ትተው በማግስቱ ከተፍ አሉ። እትዬ ካሚላ አንገቴን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ነገሩኝ።

ከእኔ በፊት ሠርኬ የምትባል ልጅ በዚያ ክፍል ትኖር ነበር። ፀጉር ሠሪ። ክርስቲያን ናት፤ ዘመድ አልነበራትም። አንድ ዓመት አረፋ ክረምት ላይ ውሎ ሁሉም አገሩ ሲገባ እሷ ብቻዋን ቀረች። ሲመለሱ ምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ አገኟት። መስኮቱ ተዘግቷል።

"መስኮቱን ራሷ ዘግታ ነው አልን። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ያለው" አሉ እትዬ ካሚላ። "አንዴ እንኳ ደውዬ ነቅተሻል ብዬ ብጠይቃት..."

ጋሼ ኑሪ ይህን እየሰሙ ድንገት ብድግ አሉ። ምንም ሳይናገሩ መሰላል አስደግፈው ጣሪያው ላይ ወጡ።

ጋሼ ኑሪ አገር ከመግባታቸው በፊት ጣሪያውን ሸራ ያለብሱታል። ያፈሳል፤ ብርድ ልብሳቸው እንዳይበሰብስ ነው። ሲመለሱ ያነሱታል። በየአረፋው እንደዚያ ናቸው። ሸራው ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ጭሱን ያሳልፋል። ዝናብ ሲያቁር ግን ይረግባል። ውሃ ተሸክሞ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ እንደ ክዳን ተኝቶ አገኙት።

ሳይወርዱ ቆዩ። አሸብር ወጥቶ ሲያያቸው እዚያው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ።

"ሁሉም ሰው አገሩ የሚገባ መስሎኝ" ይላሉ። "አረፋ አይደል... ቤት የሚቀር ሰው ያለ አልመሰለኝም። ያኔም ሸራውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።"

አገር የሌለው ሰው መኖሩን ማን ያስባል? እኔም የተበሳጨሁት በዚህ ነው። ሠርኬን "ራሷ ነች" ብለው ነበር እኮ የቀበሯት።

ምድጃውን በሲሚንቶ ደፈኑት። ክፍሉንም ጋሼ ኑሪ ብርድ ልብስ ሞሉበት። እኔ ኮልፌ ክፍል ተከራየሁ።

ዓመቱ ዞሮ አረፋ ሲደርስ እትዬ ካሚላ ደወሉ። "ወራቤ እንሄዳለን" አሉኝ። "አይ ሥራ..." ልል ስጀምር "ዝም በይ! ነይ ብያለሁ ነይ!" ብለው ተቆጡኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የጉዞው ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ እዚያ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ኑሪ መኪናውን እያሞቁ ነው። ሸራ የለም፤ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስመትተውታል። እኔ ግን ሳልወጣ መሄድ አልቻልኩም። የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

ክፍሉ ብርድ ልብስ ብርድ ልብስ ይሸታል። መጀመሪያ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ የተደፈነው ምድጃ ፊት ተንበረከክኩ።

ምን ልበላት? የእሷን ጸሎት አላውቅ። ስለዚህ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቅኳት።

"ሠርኬ... ነቅተሻል?"

እጄን ሲሚንቶው ላይ አሳረፍኩት... ሞቋል። ዓመት ሙሉ እሳት ያልነካው ግድግዳ፣ ሞቋል።

"ነቅቻለሁ።"

ከሲሚንቶው ኋላ ነው የመጣው። የእትዬ ካሚላ ድምፅ አይደለም። ያን ቀን በሬ ላይ የሰማሁት የወጣቷ ድምፅም አይደለም።

የእኔ ድምፅ ነው። ያን ቀን ለስልኩ እንደጮህኩት...

"ጠሂራ! ነይ እንጂ!" አሉ ከታች እትዬ ካሚላ። ክላክሱም ተከተለ።

ተነሳሁና ወደ በሩ ዞርኩ።

በገዛ እጄ ወለል አድርጌ የከፈትኩት መስኮት ተዘግቷል። መቀርቀሪያውም ተቀርቅሯል።